የስኳር ሕመም ሕክምናን ጥራት በመስፈርትና በአክሬዲቴሽን ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ቀጠሮውን አክብሮ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ የደም ስኳሩ ይለካል፣ መድኃኒቱ ይታዘዝለታል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ በካርዱ ላይ ይጻፋል። ይህ ምልልስ ለዓመታት ሲቀጥል እግሩ አንድም ቀን ሳይታይ፣ ዓይኑ በባለሙያ ሳይመረመር፣ ሽንቱ ለፕሮቲን ሳይፈተሽ ሊቀር ይችላል፤ ታካሚውም ባለሙያውም ክትትሉ እንደ ቀጠለ ያምናሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ይህን ክፍተት ለመዝጋት ስለ ወጡት መስፈርቶችና ስለ አክሬዲቴሽን ከታካሚዎች፣ ከቤተሰቦቻቸውና ከጤና ባለሙያዎች የሚነሡ ናቸው።

ፈቃድ፣ መስፈርትና አክሬዲቴሽን በምን ይለያያሉ?

ፈቃድ አንድ ተቋም ሥራ እንዲጀምርና እንዲቀጥል ከመንግሥት የሚያገኘው የብቃት ማረጋገጫ ነው። በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የወጡት የጤና ተቋማት ዝቅተኛ መስፈርቶች ለዚህ መነሻ ሆነው የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ክሊኒክ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ለመባል ምን ዓይነት ክፍል፣ ባለሙያና መሣሪያ መኖር እንዳለበት ይዘረዝራሉ። ፈቃድ ያለው ተቋም ሁሉ ግን የስኳር ሕመምተኛን በሚገባ ይከታተላል ማለት አይቻልም፤ ፈቃዱ የሚናገረው አገልግሎቱን ለመስጠት የሚያስፈልገው መሠረት መሟላቱን ነው።

የሕክምና መስፈርት የሚባለው ለታካሚው ምን፣ መቼና በማን መደረግ እንዳለበት በጥናት ላይ ተመሥርቶ የሚወሰን ሰነድ ነው። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚያወጣው የሕክምና መስፈርት ሲሆን፣ አሁን በየዓመቱ እየታደሰ ይታተማል። አክሬዲቴሽን ደግሞ ከተቋሙ ውጭ የሆነና ነጻ አቋም ያለው አካል ቦታው ድረስ ሄዶ፣ መዝገብ ገልጦ፣ ባለሙያና ታካሚ ጠይቆ፣ ተቋሙ የተቀመጠውን መስፈርት በሥራ ላይ ማዋሉን አጣርቶ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው እውቅና ነው። ጊዜው ሲያበቃ ምርመራው እንደ ገና ይደረጋል። ይህ የጊዜ ገደብ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለሙያ ይለቃል፣ መሣሪያ ይበላሻል፣ ጥሩ ልማድም ካልተጠበቀ ይረሳል።

ከሌሎች በሽታዎች ሁሉ የስኳር ሕመም ለምን የተለየ ትኩረት አስፈለገው?

ጉዳቱ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚሄድ ነው። የደም ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ሰው ምንም ሕመም ሳይሰማው የሬቲናው (በዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ደም ሥሮች ሊጎዱ፣ ኩላሊቱ ሊደክም፣ የእግሩ ነርቭ ስሜቱን ሊያጣ ይችላል። ምልክቱ ሲታይ አብዛኛው ጉዳት ደርሷል። ስለዚህ ሕክምናው በታካሚው ስሞታ ላይ ብቻ ከተመሠረተ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስሞታ ባይኖርም በጊዜው የሚደረግ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያስታውስ ሥርዓትም እንዲሁ።

ጉዳቱ ሊቀንስ እንደሚችል በሚገባ የተረጋገጠ መሆኑም ሌላው ምክንያት ነው። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት አንድ ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት) ሕሙማንን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታወቀው ጥናት የደም ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር አዲስ የሬቲና ጉዳት የመከሰት ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብሪታንያ ውስጥ በዓይነት ሁለት (ሰውነት ኢንሱሊንን በሚገባ የማይጠቀምበት) ሕሙማን ላይ የተደረገው ረጅም ጥናትም ኤዋንሲ የሚባለው የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን በአንድ በመቶ ዝቅ ባለ ቁጥር በጥቃቅን ደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ መገኘቱን አመልክቷል። መከላከል እየተቻለ ሰው ዓይኑን ወይም እግሩን ሲያጣ፣ ጉዳዩ ከዕውቀት እጥረት ይልቅ የታወቀውን ባለመፈጸም የመጣ ነው።

ይህን ተገንዝበው የአውሮፓ መንግሥታት ተወካዮች፣ የሕክምና ባለሙያዎችና የታካሚ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1989 ጣሊያን ውስጥ በሴንት ቪንሴንት ከተማ ተሰብስበው መግለጫ አወጡ። በስኳር ሕመም ሳቢያ የሚመጣን ዓይነ ስውርነትና የኩላሊት ሥራ ማቆም ቢያንስ በአንድ ሦስተኛ፣ የእግር መቆረጥን ደግሞ በግማሽ መቀነስ ከግቦቻቸው መካከል ነበሩ። የመግለጫው ትልቅ ፋይዳ፣ በእኔ እምነት፣ የስኳር ሕክምና ስኬት በታዘዘው መድኃኒት ብዛት ከመመዘን ወጥቶ በዳነው ዓይንና እግር እንዲመዘን ማድረጉ ነው።

መስፈርቱን የሚያሟላ ክትትል በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ምን ያካትታል?

ዝርዝሩ ከአገር አገር ትንሽ ቢለያይም ዋናው ነገር አንድ ነው። የኤዋንሲ ምርመራ ስኳሩ የተረጋጋለት ሰው ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያልተረጋጋለት ወይም መድኃኒት የተቀየረለት ደግሞ በየሦስት ወሩ ሊደረግለት ይገባል። የደም ግፊት በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይለካል። የደም ቅባት ይታያል። ኩላሊት በሁለት መንገድ በዓመት አንድ ጊዜ ይመረመራል፦ በደም ክሬአቲኒን (ኩላሊት ሊያጣራው የሚገባ ቆሻሻ) እና በሽንት አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት)። ብዙ ቦታ የሚደረገው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሽንቱ ግን ክሬአቲኒን ከመጨመሩ ከዓመታት በፊት ሊናገር ስለሚችል ሊቀር አይገባውም።

ዓይን የሚመረመረው ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ ወይም በሬቲና ካሜራ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር የተገኘበት ሰው በሽታው በታወቀበት ጊዜ ወዲያውኑ መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም ስኳሩ ከመታወቁ በፊት ለዓመታት አብሮት ኖሮ ሊሆን ይችላል። ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ግን በሽታው በጀመረ በአምስት ዓመት ውስጥ ይመረመራል። ሩቅ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ መቻል የሬቲናን ደኅንነት አያረጋግጥም፤ በዚህ የሚታለሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እግርን በተመለከተ ትንሽ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚዘነጋው ምርመራ እሱ ነውና። መስፈርቱ የሚጠይቀው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ጫማና ካልሲ ወልቆ የእግሩ ቆዳ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቦታ፣ ቅርጹና የደም ምቱ እንዲታይ፣ ስሜቱም በ10 ግራም የናይሎን ክር እንዲፈተሽ ነው። ስሜቱን ያጣ ወይም ቀደም ሲል የቆሰለ እግር በእያንዳንዱ ቀጠሮ መታየት አለበት። በገጠር በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ለሚሄድ፣ በብርድ ጊዜ እግሩን ከምድጃ አጠገብ ለሚያሞቅ ወይም በፍል ውኃ ለሚዘፈዝፍ ሰው ይህ ምርመራና አብሮት የሚሰጠው ምክር እግርን ከማዳን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ፣ ክርና ታካሚውን «እባክዎ ጫማዎን ያውልቁ» ማለት ነው። አንድ ክሊኒክ መስፈርቱን በእርግጥ እንደሚከተል ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ ብባል፣ ባለፈው ዓመት የስንት ታካሚዎች እግር እንደ ታየ እጠይቅ ነበር።

ከዚህ ውጭ ስለ ሲጋራ መጠየቅ፣ ክብደት መመዘን፣ ድብርትና በሕመሙ መማረር ካለ ማወቅ፣ የስኳር ማነስ ስንት ጊዜ እንዳጋጠመ መመዝገብ፣ ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ እንድትዘጋጅ መርዳት፣ ኢንሱሊን የሚወጋበት ቦታና የአቀማመጡ ሁኔታ ማየት የክትትሉ አካል ናቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ መቀመጥ ያለበት ሲሆን አንድ ጊዜ በረዶ የሠራበት ግን መወገድ አለበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ይህ እንዴት እንደሚሆን ታካሚውን ሳይጠይቁ «በፍሪጅ አስቀምጥ» ብሎ ማሰናበት ምክር ሰጠሁ ለማለት አይበቃም።

የላቦራቶሪው ውጤት እንደሚታመን በምን ይታወቃል?

ይህ ጥያቄ መሠረታዊ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በቁጥሩ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአንድ ሰው ደም በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ሲመረመር የኤዋንሲ ውጤቱ በጣም ይለያይ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው የ1993 ጥናት ከታወቀ በኋላ፣ በጥናቱ የተገኙት ግቦች በየትኛውም ላቦራቶሪ ትርጉም እንዲኖራቸው እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የኤዋንሲ አለካክን የሚያስተካክል ብሔራዊ ፕሮግራም ተቋቋመ። ዛሬ አንድ ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ዘዴ በዚህ ፕሮግራም የተረጋገጠ መሆኑን መጠየቅ ይቻላል።

ለሕክምና ላቦራቶሪዎች ዓለም አቀፉ መስፈርት አይኤስኦ 15189 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በዚህ መስፈርት መሠረት እውቅና የሚሰጠው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው። ወደዚያ ለመድረስ ብዙ የአፍሪካ ላቦራቶሪዎች የሚጓዙበት መንገድ በዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ የተዘጋጀው የደረጃ በደረጃ ማሻሻያ ሥርዓት ነው፤ ላቦራቶሪው እየተመዘነ ከዜሮ እስከ አምስት ኮከብ ያገኛል። ይህ አሠራር ሊመሰገን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ገና ከግቡ የራቀ ላቦራቶሪ «አላለፍክም» ተብሎ ከመገፋት ይልቅ የት እንዳለና ቀጥሎ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል።

በቤት ውስጥ የሚለካባቸው መሣሪያዎችም የራሳቸው መስፈርት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው አይኤስኦ 15197 መሠረት ከመቶ ውጤቶች 95ቱ፣ ስኳሩ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን በ15 ሚሊ ግራም፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ በ15 በመቶ ልዩነት ውስጥ መሆን አለባቸው። ስለዚህ በአንድ ጠዋት 140 እና 152 ቢነበብ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ወይም ክዳኑ ተከፍቶ እርጥበት ያገኘው ስትሪፕ (ደም የሚነካው የመለኪያ ቁራጭ) ግን የትኛውንም ጥሩ መሣሪያ ያሳስታል። የደም ማነስ ያለበት ሰው የኤዋንሲ ውጤቱ እውነተኛውን የስኳር መጠን ላያሳይ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከቤት ልኬቱ ጋር ካልተስማማ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

የሕክምና ጥራት እንዴት ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ1966 አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባለው ምሁር ጥራትን በሦስት መንገድ ማየት እንደሚቻል ጻፈ፤ ያለው ነገር፣ የሚሠራው ሥራና የሚገኘው ውጤት። የሬቲና ካሜራ መኖሩ የመጀመሪያው፣ ታካሚዎች በካሜራው መመርመራቸው ሁለተኛው፣ ዓይናቸው መትረፉ ሦስተኛው ነው። ካሜራ ገዝቶ ማስመረቅ በፎቶግራፍ ይታያል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን መዝገብ ይፈልጋሉ።

እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሚያካሂዱት ብሔራዊ የስኳር ሕመም ኦዲት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤዋንሲ፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ክሬአቲኒን፣ የሽንት አልቡሚን፣ እግር፣ የሰውነት ክብደት፣ ሲጋራና የዓይን ምርመራ በየታካሚው ተደርገዋል ወይስ አልተደረጉም የሚለውን ይሰበስባል፤ ውጤቱንም በየአካባቢው ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል።

መለኪያ ግን ራሱ ሊያሳስት ይችላል። በመጀመሪያ፣ መቶኛው የተሰላው እነማን ተቆጥረው እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ክሊኒክ «ከታካሚዎቻችን 70 በመቶው ስኳራቸው ተስተካክሏል» ሲል ቀጠሯቸውን ትተው የጠፉትን ቆጥሯቸው እንደ ሆነ ካልታወቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የጠፉት ብዙውን ጊዜ ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት መክፈል ያቃታቸው ናቸውና፣ እነርሱን ያልቆጠረ ሪፖርት የደኅናዎቹን ደኅንነት ብቻ ይናገራል።

ሁለተኛው ሥጋት ግቡን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 10,251 ሰዎች የተሳተፉበትና ኤዋንሲን ከ6 በመቶ በታች ለማውረድ የሞከረው ጥናት፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር በነበሩት መካከል ሞት በመጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ያ ክፍሉ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ስለዚህ ጥሩ መስፈርት ለብዙ አዋቂዎች ከ7 በመቶ በታች የሚለውን ግብ ሲያስቀምጥ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸውና የስኳር ማነስ ለሚደጋገምባቸው ግቡ እንዲላላ ያዝዛል። ምዘናውም ይህን ልዩነት ማክበር አለበት፤ አለዚያ ባለሙያው ለቁጥሩ ሲል የ80 ዓመት እናትን ለአደጋ ያጋልጣል።

አክሬዲቴሽን በእርግጥ ውጤት ያመጣል?

በሐቀኝነት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። የውጭ ምርመራና አክሬዲቴሽን በራሳቸው የታካሚዎችን ጤና ምን ያህል እንደሚያሻሽሉ የፈተኑ ጠንካራ ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ መሰቀል ብቻውን ሕይወት ያድናል ብሎ መናገር አይቻልም። ለጉብኝቱ ቀን ግድግዳ ተቀብቶ፣ ፋይል ተደርድሮ፣ ጓንትና ሳሙና ተሟልቶ፣ ገምጋሚዎቹ ሲሄዱ ሁሉም ወደ ነበረበት የሚመለስበት ሁኔታም አለ።

ውጤት የታየው መስፈርቱ ከተደራጀ አገልግሎት፣ ከመዝገብና ከተከታታይ ልኬት ጋር ሲያያዝ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረችው ብሔራዊ የሬቲና ምርመራ ፕሮግራም እያንዳንዱን የታወቀ የስኳር ሕመምተኛ በስም ይጠራል፣ የምስል አንባቢዎቹን ብቃት ይፈትሻል፣ የየአካባቢውን አፈጻጸም በአንድ መስፈርት ይመዝናል። ከዚህ በኋላ በ2009 እና 2010 የተሰበሰበው መረጃ እንዳሳየው፣ በእንግሊዝና በዌልስ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ባሉ ሰዎች መካከል የስኳር ሕመም የሬቲና ጉዳት ቢያንስ ከአምስት ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት መሆኑ ቀርቷል። የደም ስኳር ቁጥጥር መሻሻሉም ድርሻ እንደሚኖረው ይገመታል፤ ሰዎችን በስም መዝግቦ መጥራት ግን ያለ መስፈርት ሊሆን የሚችል ነገር አልነበረም።

በአሜሪካ የምንኖር የስኳር ትምህርት ለማግኘት እውቅና ያለው ማዕከል እንድንፈልግ ይነገረናል፤ ለምን?

በአሜሪካ አክሬዲቴሽን ከክፍያ ጋር ስለ ተያያዘ ነው። በዋናነት አረጋውያንን የሚሸፍነው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር ለስኳር ሕመም ራስን የመንከባከብ ትምህርት የሚከፍለው ፕሮግራሙ ከአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ወይም የስኳር ክብካቤና ትምህርት ባለሙያዎች ከተሰባሰቡበት ማኅበር እውቅና ካለው ነው። እውቅናው ለአራት ዓመት ይቆያል። ታካሚው በሚከታተለው ሐኪም ሲላክ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 10 ሰዓት፣ ከዚያም በየዓመቱ እስከ 2 ሰዓት ትምህርት ሊያገኝ ይችላል። ይህ መብት እንዳለ ሳያውቁ የሚቀሩ አረጋውያን ወላጆች ብዙ መሆናቸው ያሳዝናል፤ ልጆቻቸው በቀጣዩ ቀጠሮ ሐኪሙን እንዲጠይቁላቸው እመክራለሁ።

የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይናገር ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታም ይሁን በሲያትል «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ውለታ መጠየቅ ተደርጎ መታየት የለበትም። አባት ወይም እናት ስለ ኢንሱሊን መጠን በልጅ አስተርጓሚነት እንዲማሩ ማድረግ ለስሕተት በር ይከፍታል። የአመጋገብ ትምህርቱም ስለ ፓስታና ስለ ድንች ብቻ ከሆነ፣ እንጀራ በስንት መጠን፣ ሽሮና ምስር እንዴት እንደሚቆጠሩ፣ ቡና በስኳር ስንት ስኒ እንደሚጠጣ አስተማሪዋን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ምን ይታወቃል?

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ሰዎች ታሪክ ለዚህ ርእስ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲደርሱ የስኳር ሕመም በመካከላቸው እምብዛም የማይታይ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን አመጋገባቸውና የዕለት እንቅስቃሴያቸው ተቀይሮ ሕመሙ በፍጥነት ጨመረ፤ ተመራማሪዎችም ይህንኑ በዚያው ዐሥርት ዓመት መጨረሻ ጽፈዋል። እስራኤል በማኅበረሰብ ደረጃ የሚሰጠውን ሕክምና በብሔራዊ የጥራት አመልካቾች የምትመዝን አገር ናት፤ አራቱ የጤና መድን ድርጅቶችም የስኳር ሕሙማን ክትትላቸውን ሪፖርት ያደርጋሉ። አማካይ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ አንድ ማኅበረሰብ ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል ግን መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሃዴራ በሚገኘው የሂሌል ያፌ ሕክምና ማዕከል የተጀመረው ቴኔ ብሪዑት የተባለው ድርጅት ለዚህ መልስ ለመስጠት የተነሣ ነው፤ የማኅበረሰቡን ቋንቋና ባህል የሚያውቁ አገናኞችን አሠልጥኖ በሐኪሙና በታካሚው መካከል አቆመ። መስፈርት የሚያወጣ ማንኛውም አካል ውጤቱን በቋንቋና በማኅበረሰብ ለይቶ ካላየ እንዲህ ያለው ክፍተት አይታየውም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የት ላይ ትገኛለች?

ከባዶ የሚጀመር ነገር የለም። የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በትምህርትና በድጋፍ ሥራ ላይ ቆይቷል። ሆስፒታሎች እርስ በርስ እንዲማማሩና እንዲመዛዘኑ የሚያደርገው የሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሠረተ፤ በ2016 ደግሞ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ በጤና ጣቢያ ያለ ነርስና ጤና መኮንን የስኳር ሕመምተኛን እንዴት እንደሚለይ፣ እንደሚከታተልና መቼ ወደ ሆስፒታል እንደሚልክ ያሳያል። ይህ መመሪያ ትልቅ ነገር ነው፤ ክትትል በከተማ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ከቀረ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ለመጣ ገበሬ በየወሩ መመላለስ አይቻለውምና።

ለሚቀረው መንገድ የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2022 የተቀበሏቸው እስከ 2030 የሚደርሱ ግቦች መለኪያ ሊሆኑ ይችላሉ፦ ስኳር ካለባቸው 80 በመቶው ሕመማቸው እንዲታወቅ፤ ከታወቀላቸው 80 በመቶው ስኳራቸው፣ 80 በመቶውም የደም ግፊታቸው እንዲስተካከል፤ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት 60 በመቶው ስታቲን የተባለውን የደም ቅባት መቀነሻ መድኃኒት እንዲያገኙ፤ ዓይነት አንድ ያለባቸው ሁሉ ደግሞ በአቅማቸው ኢንሱሊንና መለኪያ እንዲያገኙ። የመጨረሻው ግብ ሙሉ መቶ በመቶ መሆኑን ልብ ይሏል። ያለ ኢንሱሊን መኖር ለማይችል ሕፃን ከዚያ ያነሰ ግብ ሊቀመጥ አይችልም።

ካሜራም ኤዋንሲም በሌለበት ጤና ጣቢያ መስፈርት ማውራት ትርጉም አለው?

አለው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለዓይነት ሁለት ስኳር ያወጣው መመሪያ እንክብካቤን እንደ አቅም በሦስት ደረጃ ከፍሎ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ውስን አቅም ላለው፣ ለተለመደውና ለተሟላው። አቅሙ ውስን የሆነ ተቋም የሚጠበቅበት ጥቂት ነገር ነው፤ ያን ጥቂት ነገር ግን ለሁሉም ታካሚ፣ ሁልጊዜ መፈጸም አለበት።

እንዲህ ያለ ተቋም ከየት ይጀምር ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ከመዝገብ ነው። የስኳር ሕሙማን ስም፣ ስልክ፣ የመጨረሻ ቀጠሮ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ልኬትና የእግር ምርመራ ቀን የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ይዘጋጅ፤ በወሩ መጨረሻ ያልመጡት ይለዩና ይደወልላቸው፤ ስልክ የሌላቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠይቅ። ቀጥሎ የእግር ምርመራ ይጀመር። ሦስተኛው ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን፣ የግፊት መድኃኒት፣ ኢንሱሊንና ስትሪፕ ስንት ቀን እንደ ጠፉ መመዝገብ ነው። መድኃኒት የጠፋባቸውን ቀናት ቆጥሮ ለወረዳው የሚያቀርብ ጤና ጣቢያ ከጤና መድኑ ጋር ለመነጋገር በእጁ ማስረጃ አለው። ለኤዋንሲ ወደ ከተማ በዓመት አንድ ጊዜ መላክ ሲቻል ይላካል፤ እስከዚያው በጾም የተለካ ስኳር ያገለግላል።

ጾም በመስፈርት ውስጥ ቦታ አለው?

ሊኖረው ይገባል። ለረመዳን ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ ዝርዝር መመሪያ አውጥቷል፤ ታካሚው ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ እንዲታይ፣ የአደጋው መጠን እንዲመዘን፣ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን እንዲስተካከል ይመክራል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይና ጠዋት ኢንሱሊን የሚወጋ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ዝግጅት ያስፈልገዋል። ባለሙያው ስለ ጾም ካልጠየቀ ታካሚው ብዙውን ጊዜ አይናገርም፤ ወይ መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል፣ ወይ ወስዶ ስኳሩ ይወርድበታል። የስኳር ክሊኒክን የሚገመግም ሰው ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለ ጾም የተመዘገበ ምክር በካርዱ ላይ መኖሩን ቢያይ ስለ ክሊኒኩ ብዙ ይረዳል።

ይህ ሁሉ በባለሙያው ላይ የወረቀት ሥራ አይጨምርም?

ሊጨምር ይችላል፤ በደንብ ካልታሰበበትም ጉዳት አለው። በአንድ ጠዋት ብዙ ታካሚ ለምታይ ነርስ አምስት ዓይነት ቅጽ መስጠት ከታካሚዋ ጋር የምታሳልፈውን ጊዜ መውሰድ ነው። መፍትሔው ለሕክምናው የሚያስፈልገውንና ለሪፖርት የሚሄደውን በአንድ ገጽ ማዋሐድ፣ ክብደትና ግፊት የመለካቱን ሥራ ማከፋፈል፣ የተሰበሰበውንም መረጃ ለሰበሰበችው ነርስ መልሶ ማሳየት ነው። መረጃው ወደ ላይ ብቻ ሄዶ ሲቀር፣ ቅጹን የምትሞላው ነርስ ለማን እንደምትሞላ አታውቅም፤ ባላየችው እግር ላይ ምልክት የማድረግ ፈተናም ከዚህ ይመጣል።

እኔ ታካሚ ነኝ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ምን ልጠይቅ?

እውቅና ያለውም ሆነ የሌለው ተቋም ቢሆን መጠየቅ መብትዎ ነው። የመጨረሻው የኤዋንሲ ውጤቴ ስንት ነበር፣ ለእኔ ዕድሜና ሁኔታስ ግቡ ስንት ነው? ዓይኔ በጠብታ ወይም በካሜራ የታየው መቼ ነው? ሽንቴ ለአልቡሚን ተመርምሯል? ዛሬ እግሬን ሊያዩልኝ ይችላሉ? ስኳሬ ቢወርድ ወይም ቢያስመልሰኝና መብላት ቢያቅተኝ ምን ላድርግ፣ በሌሊትስ ለማን ልደውል? መልሶቹን ቀኑን ጨምረው በደብተር ይጻፉ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ልጅ ወይም ጎረቤት ይጻፍልዎ። ተቋም ሲቀይሩ ወይም አገር ሲለቁ ካርድዎ ላይከተልዎ ይችላልና ደብተሩን ይያዙ። መድኃኒቶችዎን ከነማሸጊያቸው፣ የቤት መለኪያዎንም ካለዎት ይዘው ይሂዱ፤ ከክሊኒኩ ልኬት ጋር ማስተያየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ባለሙያው ሳይጠይቅዎ በፊትም ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጡ ጫማዎን ማውለቅ ይችላሉ።